«ሌፍት ትራያንግል»

ዳንግላ፣ ጋሪ ላይ ነው የተገናኘነው። ጠጋ ብዬ ቦታ ስሰጣቸው ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳይመልሱ፣ «አንተ ልጅ፣ ጎነ ሦስት ቀኝና ግራ አለው?» አሉኝ።

እኔ ወሬ ካገኘሁ መውረጃዬን እረሳለሁ። ረሳሁትም።

መምህርት የሻረግ ይባላሉ። ጥሊሊ አጠገብ ተወልደው አፋቸውን በአገውኛ የፈቱ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ያገኙ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ፀደይ ግን ሰኞ ለአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ትፈተናለች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። «የኔ እንግሊዝኛ አርጅቷል» ብለው ይሄነው የሚባል ጎረምሳ የከፈተው ማጠናከሪያ ቤት አስገቧት።

«ትናንት መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እትዬ፣ ራይት ትራያንግል ማለት ዘጠና ዲግሪው በስተቀኝ ያለ ነው። በግራ ከሆነ አይደለም።› ራይት ቀኝ ነዋ! ቀጤ ማዕዘን ማለትም እንደሆነ ማን ይንገረው! ያ ከረባታም ነው እንዲህ ያስተማራት። አፈር ይብላ!»

ማጠናከሪያ ቤቱ ጋ ሲወርዱ ተከትያቸው ወረድኩ። ይሄነው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን ቆልፎ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ጎነ ሦስት ስሎ አንዱን «ራይት»፣ ሌላውን «ሌፍት ትራያንግል» ብሎታል። እንዲህ ያለ ፍጥረት መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

መምህርት የሻረግ የአንድ ነጭ ወረቀት ጥግ ቀደዱና ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ራይት ትራያንግል፣ ቲቸር።»

ገለበጡት። «አሁንስ?»

«አሁን... ሌፍት ሆነ።»

«አንተ በጎንህ ስትተኛ ስምህ ይቀየራል እንዴ? አንዱ ማዕዘን ዘጠና ከሆነ ቢቆም፣ ቢጋደም፣ በአናቱ ቢተከል ያው ነው! መስኮት ላይ ብትስለውስ? ከውስጥ ያየው ራይት፣ ከውጭ ያየው ሌፍት ሊለው ነው?»

«እሱ የድሮው ካሪኩለም ነው» አለ፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። በማን እንደሳቁ ግን አልታወቀም። ፀደይ አልሳቀችም። አንዴ እሱን፣ አንዴ አክስቷን አየችና ተነስታ ወረቀቱን ተቀበለች። ጥጉን «ሌፍት» በተባለው ማዕዘን ላይ ገጠመችው። ልክክ አለ።

«ያው ነው እኮ» አለችና ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ይሄነው ማስተማሩን ቀጠለ። ምን ያድርግ፣ ከዚያ በላይ አያውቅ።

በር ላይ ስንለያይ፣ «እንኳን ከሰኞ በፊት ገባት» አልኳቸው።

መምህርት የሻረግ ያለፉ ተማሪዎች ፎቶ የተለጠፈበትን የይሄነውን ማስታወቂያ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ካለፈች ፎቶዋን እዚህ ይለጥፋል» አሉ። «ከወደቀች የኔ የእህት ልጅ ናት።»