ሰልዋ ስልኳን ሳትከፍት

ጠይባን ኦክላንድ ውስጥ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው እንጀራዋ ነው፤ አልጋ ላይ የቀሩ የፈረንጅ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች። ሁለተኛው ደመወዝ የለውም። መርዶ ትናገራለች።

አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። ለምን እሷ እንደተመረጠች ራሷም አታውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ንግግር የማይሆንላት ሴት ናት። ምናልባት አታለቅስም ስለሚሏት ይሆናል። ታለቅሳለች፤ ግን ቤቷ ገብታ፣ የሻወሩን ውሃ ከፍታ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመት አሥራ አራት መርዶ ተናግራ የራሷ አሠራር አላት። ቀድሞ ባለጉዳዩ ከሚሠራበት ቦታ በዘዴ ፈቃድ ይወሰዳል። ከዚያ ከሽማግሌ ጋር በጠዋት ይኬዳል። በሩ ሲከፈት ጠይባ ቀድማ ትገባና «እስቲ ስልክሽን፣ የኔ ዘግቶብኝ ነው» ብላ ስልኩን ትወስዳለች። ሽማግሌው ሲቀመጡ እሷ ከባለጉዳዩ ጎን ትሆናለች፤ ቃሉ ከሽማግሌው አፍ ሳይወጣ ክንዷ ትከሻው ላይ ይደርሳል። የስልኩን ነገር የጨመረችው በኋላ ነው። ሳን ሆዜ ያለ አንድ ልጅ የአባቱን ሞት ያወቀው አውቶብስ ላይ ቆሞ፣ የማያውቀው ሰው ከአባቱ ፎቶ ሥር የጻፈውን ሐዘን አንብቦ ነው። ያን ቀን አብሮት የነበረ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ጠይባ ፌስቡክን እንደ ተቀናቃኝ ነው የምታየው።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ከደሴ የሰልዋ ወንድም ደወለ። እዚያ ዓርብ ነግቷል፤ እናታቸው ጎህ ሲቀድ አርፋለች። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ቀብሩ ከአስር ሶላት በኋላ ይሆናል። እስከ ቀብር ድረስ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ አስጠንቅቋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰዉን እጅ ማሰር አልችልም አለ።

ሰልዋ ለጠይባ እንደ ልጅ ናት። በዲቪ ስትመጣ አየር ማረፊያ ሄዳ የተቀበለቻት እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጇ ከዩስራ ጋር አንድ ክፍል አኑራታለች። በኋላ የኦክላንድ ኪራይ ሲያስመርራት ሰልዋ ተራራውን ተሻግራ ኔቫዳ ገባች። ሬኖ አጠገብ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። አብራት የምትኖረው ልጅ በዚያ ሰሞን ለእረፍት አገር ቤት ሄዳለች፤ ሌላ የቅርብ ሰው እዚያ የላትም።

መጋዘኑ ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። ሰልዋ ጎህ ሳይቀድ ትገባለች፤ ስልኳን ሎከር ውስጥ ቆልፋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትወጣ ትከፍተዋለች። ዓርብም የምትገባው ደሴ ላይ ቀብሩ ሳይፈጸም ነው፤ ጠይባ ይህን ስታስብ አሏህ የሰጣት ጊዜ መሰላት። ዓርብ ከዘጠኝ በፊት መጋዘኑ በር ላይ ከቆሙ፣ ልጅቱ ስልኳን ሳትከፍት ይይዟታል። መንገዱ የአራት ሰዓት ነው፤ ጊዜው ይተርፋል እንጂ አያንስም።

በማግሥቱ ከሱብሂ በኋላ ኸድር ሰፊ መኪናውን ይዞ መጣ። ኸድር በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ ከአየር ማረፊያ ፍሪሞንት ሲመላለስ ነው የሚውለው። ሽማግሌው ጋሽ አብዱራሕማን ናቸው። ሰማንያ ሊሞሉ ነው፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ከለቅሶ በቀር ለሌላ ነገር ከቤት አይወጡም። ሠርግ እንኳ ቢጠሩ ምርቃታቸውን በስልክ ነው የሚልኩት።

ዩስራ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። በፒጃማዋ ብቅ ብላ የእናቷን ጥቁር ቀሚስ፣ የትከሻዋን ነጠላና ስስ ጫማዋን አየች። ጠይባ ሳክራሜንቶ ሰው ልንጠይቅ ነው አለቻት።

«ማም፣ ስቶርም ዋርኒንግ አለ እኮ» አለች ዩስራ። «ብላንኬት ያዢ። ሎኬሽንሽን ሼር አድርጊልኝ።»

ጠይባ አላደረገችም። ዩስራና ሰልዋ ቀኑን ሙሉ ሲጻጻፉ ነው የሚውሉት፤ ዩስራ ካወቀች ሰልዋ አወቀች ማለት ነው። መርዶ የሚሄድ ሰው መንገዱን አይናገርም። ብርድ ልብሱንም አልያዘችም፤ ሳክራሜንቶ ለሚሄድ ሰው ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል? ውጭ የሚጥለው ተራ የኦክላንድ ዝናብ ነበር።

ሳክራሜንቶን አልፈው ዳገቱ ሲጀምር ዝናቡ ነጣ። ኸድር ደስ አለው። ልጅ ሳለ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በአይሱዙ እህል ጭኖ ሲወርድ እንደነበር ያወራ ጀመር፤ ይኼ አራት መኪና ጎን ለጎን የሚያስኬድ መንገድ ለእሱ ሜዳ እንደሆነ ተናገረ።

«ሐረጎ ላይ በረዶ ይጥላል?» አሉ ጋሽ አብዱራሕማን።

«ጭጋግ አለ እንጂ ጋሼ። ጭጋግ ከበረዶ ይብሳል።»

«ጭጋግ አያንሸራትትም» አሉ ሽማግሌው፣ መቁጠሪያቸውን ሳይተዉ።

ጠይባ ነዳጁን እንዲያይ ነገረችው። አንድ አራተኛ ቀርቶታል። ኔቫዳ ርካሽ ነው፣ እዚያ እሞላለሁ አለ። የኦክላንድ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነውና ጠይባም አልተከራከረችም።

አራት ሰዓት ላይ ቢጫ የለበሱ ሰዎች መኪናውን ሁሉ ወደ ዳር እያወጡ ጎማ ላይ ሰንሰለት አድርጉ ይሉ ጀመር። ኸድር ሰንሰለት አለው። ከአራት ዓመት በፊት ገዝቶ ካርቶኑን ሳይከፍት ከኋላ አስቀምጦታል። አሁን ከፈተው፤ ተጠላልፎ እንደ ዓሣ መረብ ሆነ። ለለቅሶ የለበሰውን ኮት እንደለበሰ በረዶው ላይ ተንበርክኮ አርባ ደቂቃ ታገለ። ጠይባ በስስ ጫማዋ ወርዳ በረዶው እንዳይወርድበት የነጠላዋን ጫፍ ከግንባሩ በላይ ይዛለት ቆመች፤ ሌላ የምትረዳው ነገር አልነበራትም። አስሮ ጨርሶ ገብቶ ሲነዳ፣ ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። ሰንሰለቱ የኋላ ጎማ ላይ ነው። በእጁ ወደፊተኛው አመለከተ፤ ይቺ መኪና በፊት ጎማዋ ነው የምትሄደው አለ።

«አይሱዙ በኋላ ነው የሚገፋው» አለ ኸድር በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

እንደገና ወደ ዳር ወጡ። ጣቶቹ ደንዝዘው ስለነበር ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ከእነሱ ኋላ የመጣው ሁሉ አልፏቸው ሄደ፤ አንዲት አሮጊት በትንሽ ቀይ መኪና እጇን እያውለበለበች አለፈች። ጠይባ ሰዓቷን አላየችም፤ ስታየው የሚፈጥን ወይ የሚዘገይ ነገር የለም።

ከዚያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ወጡ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከፊታቸው ያለው መብራት ሁሉ ቀይ ሆነና ቆመ። ከላይ፣ ኩርባው ጋ፣ ሁለት ከባድ መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘግተዋል። ይህን የነገራቸው በየመስኮቱ እያንኳኳ የሚወርድ አንድ ሾፌር ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ከኋላቸውም ሰልፉ ተደርድሯል። ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም።

ኸድር ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ፤ ሲበርዳቸው ያስነሳል፣ ነዳጁ ሲያሳስበው ያጠፋል። ስልኩ ኔትወርክ አጥቷል። የጠይባ ስልክ አንድ መስመር ይዞ ነበር፤ ግን አሮጌ ነው፣ የኸድር ገመድ አይገባለትም፤ የቀረው ባትሪ አሥራ ሁለት ከመቶ ነው። ከኋላ ለለቅሶው የተቀቀለ አንድ ድስት ንፍሮ አለ። ኸድር ራበኝ ሲል ጋሽ አብዱራሕማን ሐዘኑ ሳይነገር የሐዘን እህል አይበላም አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰሙና «ብላ» አሉት። «አንተ ለራስህ ነው የምታዝነው።» እሳቸው አልቀመሱም።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ተኩል አለፈ። መስኮቱ በበረዶ ተሸፈነ፤ ውስጡ እንደ ነጭ ድንኳን ሆነ። ጠይባ መጋዘኑን አስባ ለኃላፊዎቹ ደውላ ልጅቱን አቆዩልኝ ለማለት ፈለገች። ቁጥሩን አታውቀውም። ብታውቀውስ በየትኛው እንግሊዝኛ ነው የምታስረዳው? ሴትዮዋን ስልኳን እንዳትከፍት ያዙልኝ ቢባል የትኛው ፈረንጅ ይገባዋል? ለዩስራ ብትደውል ማስረዳት ትችል ነበር። ግን ዩስራ መጀመሪያ አልቅሳ፣ ከዚያ ለምን ዋሸሽኝ ብላ፣ ከዚያ ነው የምትደውለው፤ ባትሪው ያን ሁሉ አይችልም። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ይህ ነበር።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ ስልኳ ጮኸ። ሰልዋ ናት።

ሦስቱም ስልኩን አዩት። ካላነሳችው ልጅቱ የሚቀጥለው የምትደውለው ደሴ ነው። ጠይባ አነሳችው።

የሰልዋ ድምፅ ደህና ነበር። ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ላይ የተቆለለውን በረዶ እየጠረገች እንደሆነ፣ ስልኳን ስትከፍት ከአገር ቤት ዘጠኝ ሚስኮል እንዳገኘች፣ ሌላ ነገር ሳታይ ለእሷ እንደደወለች ተናገረች።

«ደሴ ከመደወሌ በፊት አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው እትዬ» አለች። «የሆነ ነገር ካለ አንቺ ሳትሰሚ አትቀሪም። አንቺ ካልሰማሽ ሰላም ነው ማለት ነው።»

«ምንም አልሰማሁም» አለች ጠይባ።

«አልሐምዱሊላህ።»

በዚያው ቅጽበት አንድ የበረዶ መጥረጊያ ከባድ መኪና በዳር በኩል እያንኳኳና እየፋቀ ወጣ። መኪናቸው ተንቀጠቀጠች፤ ጋሽ አብዱራሕማን ደንግጠው «ያ ረብ» አሉ።

ሰልዋ የሽማግሌውን ድምፅ አወቀችው።

«ጋሽ አብዱራሕማን ናቸው?»

«አዎ።»

«የት ናችሁ?»

«ሳክራሜንቶ።»

«ሳክራሜንቶ እንዲህ ያለ መጥረጊያ የለም እትዬ። እኔ በየቀኑ ነው የምሰማው። ወደ እኔ ናችሁ።» ጥያቄ አልነበረም። «እሳቸውን ጭናችሁ፣ በዚህ በረዶ። እማ ናት?»

ጠይባ አሥራ አራት ጊዜ በዚህ ቦታ ላይ ክንዷን ዘርግታለች። አሁን የዘረጋችው የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ነው። ቃሉ የሽማግሌው ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

«አዎ ልጄ» አለች። «እማ ናት።»

ከስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ንፋሱ ብቻ፤ ከዚያ የሰልዋ ልቅሶ፣ ከሩቅ፣ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ይመስላል። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አልመለሰችለትም፤ የመኪና በር ተዘጋና ሰውየው ሄደ። ጠይባ «አለሁ፣ አለሁ» ትላለች። ስልኩ ሰባት ከመቶ አለ። «አለሁ» ማለቷን አላቆመችም፤ የሌለችበት ቦታ እንደሆነ እያወቀች።

ሰልዋ ስትመለስ ድምፅዋ ሻክሯል።

«የት ላይ ነው የቆማችሁት?» አለች።

ጠይባ ነገረቻት።

«ስንት ነዳጅ አላችሁ?»

«ትንሽ።»

«ስሚኝ። ሞተሩን ዝም ብላችሁ አታስነሱ። መጀመሪያ ኸድር ይውረድና ጭስ ማውጫውን ይጥረገው፤ በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ።» አለቀሰች፤ እንደገና ቀጠለች። «በሰዓት አሥር ደቂቃ ብቻ አስነሱ። ያን ጊዜ አንዱን መስኮት በጣት ያህል ክፈቱ። ከመኪናው ርቃችሁ እንዳትሄዱ። የጋሼን እግር በሆነ ነገር ጠቅልሉት።»

«አንቺስ?» አለች ጠይባ። «እንዳትነጂ ልጄ። እንዲህ ሆነሽ እንዳትነጂ። ሰው ጥሪ።»

«ማንን ልጥራ?»

ጠይባ ሬኖ የምታውቀውን ሰው በልቧ ፈለገች።

«ቤቴ አሥር ደቂቃ ነው» አለች ሰልዋ። «ባትሪሽ ስንት አለው?»

«አምስት።»

«በቃ ዝጊው። አጥፊና አስቀምጪው፤ ማታ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።»

«አልዘጋብሽም።»

«ዝጊው እትዬ። እናንተን ደግሞ ልቅበር?»

ጠይባ ዘጋችው። በዚህ ሁሉ ዓመት መርዶ ተናግራ ለብቻው ትታው የሄደችው ሰው አልነበረም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ስክሪኑ እስኪጠቁር ያዘችው።

ኸድር ወረደ። መጥረጊያ ስለሌለው በእጁ ነው የሚዝቀው፤ ከኋላ በኩል ሲቆፍር፣ ሲቆም፣ እጁን እፍ ሲል፣ እንደገና ሲቆፍር ይሰማል። ጠይባ ነጠላዋን አውልቃ የሽማግሌውን እግር ጠቀለለች። ብርዱ ወዲያው አንገቷ ሥር ገባ።

ጋሽ አብዱራሕማን ዓይናቸውን ገለጡ። ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ የሰሙት ግማሹን ነው።

«ምን አለች?» አሏት።

ጠይባ የሽማግሌውን እግር ማሰሯን ቀጠለች።

«ከመኪናው አትራቁ አለች» አለች።