በእጅ የተሳበው ብስክሌት

ከደብረ ብርሃን እስከ መቀሌ በብስክሌት የመጣ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላም ይኖራል ብዬ አላስብም። ጣርማበርን፣ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ፣ የማይጨውን ዳገት፣ ሁሉንም አንዲት የላብ ጠብታ ሳልጥል ነው ያለፍኩት። ላብ ያልነካኝም ብስክሌቱ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ፣ እኔ ደግሞ ከአውቶቡሱ ውስጥ፣ መስኮት ይዤ ስለተቀመጥኩ ነው።

ብስክሌቱ የአባቴ ነው። አባቴን የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ በዚያ ከባድ ጥቁር ብስክሌት ዕድሜውን ሙሉ ከበር በር ሲዞር ኖረ። ሰኔ ሲገባ ታመመ፣ ሳይከርም ሞተ። በለቅሶው ላይ እንደ እኔ ያለቀሰ አልነበረም። እንባዬ ቢጠራቀም ወፍጮ ያዞር ነበር፤ አስለቃሿ ራሷ ቀንታብኛለች። ከዚያ በኋላ ግን ደረቅኩ። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው አይታችኋል? ከንፈሩን ቢነክሰው የማን ከንፈር እንደሆነ አያውቅም። እንደዚያ ሆንኩ። አርባው ሲወጣ ንፍሮ እያዞርኩ እቀልዳለሁ፣ ሰው ከት ብሎ ይስቃል፣ እኔ ግን ሌላ ቤት ያለ ሬዲዮ የምሰማ ነው የሚመስለኝ።

በዚያው ሰሞን የዝውውር ደብዳቤ መጣ። እኔ የሕንፃ ንድፍ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መንግሥት ሠራተኛውን እንደ ዳማ ጠጠር ነው የሚያንቀሳቅሰው። መቀሌ ሲባል ጎረቤቱ በሙሉ ዐረብ አገር የምሄድ ይመስል ይመርቀኝ ጀመር። የመሄጃዬ ዋዜማ እናቴ ብስክሌቱን ከግድግዳው አላቃ በራፉ ላይ አቆመችው።

«ይሄን ይዘህልኝ ሂድ። እዚህ ቆሞ ሲያየኝ አልቻልኩትም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ በአውቶቡስ ነው የምሄደው።»

«አውቶቡሱ ጣራ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው! ለሰማንያው ስትመጣ ነዳሁት ብለህ ንገረኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

እሺ አልኳት። ለእናቴ እሺ ማለት ቀላል ነው። ችግሩ፣ ብስክሌት መንዳት አልችልም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ የከተማው ዋና ብስክሌተኛ ልጅ ነኝ፣ ግን አልችልም። ልጅ ሆኜ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ወስዶ ኮርቻውን ይዞ ሲያስሮጠኝ፣ ከሰንበቴ በሚመለሱ ሴቶች ፊት ተከሰከስኩ። ተነሥቼ «ብስክሌት የድሃ ፈረስ ነው፣ እኔ ፓይለት ነው የምሆነው» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የሚያስቅ ነገር እናገራለሁ፤ ማንም ሁለተኛ ኮርቻ ይዞ አላስሮጠኝም።

በነጋታው መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘመድ ነው።»

«ዘመድ ከሆነ ትኬት ይቁረጥ፤ ዕቃ ከሆነ ይታሰራል።»

ታሰረ። ሁለት ቀን ሙሉ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ከጣራው ላይ ቂሊል ይላል። ደወሉ ነው። ያ ድምፅ ለእኔ አባቴ ማታ ሊገባ ነው፣ ሲጋራህን ጣል ማለት ነበር። ደሴ አደርን፣ ወልድያን አለፍን፣ ቂሊል ይላል፤ እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አራግፋለሁ።

መቀሌ እንደደረስኩ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ፋይሌን ገለጠ። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው።

«አባትህ ሲሞት ከሥራ ስንት ቀን ቀረህ?»

«አንድ ቀን። የቀብሩን ዕለት።»

«ሕጉ ሦስት ቀን ይፈቅዳል። ሁለቱን ምን አደረግከው?»

«ሥራ ገባሁ።»

«ይሄ መዝገብ ያበላሻል» አለኝ፤ እውነትም አዝኖ። «ሰው የተፈቀደለትን ሐዘን መጨረስ አለበት።»

ቤት ፍለጋ ዓይደር ወደሚባለው ሰፈር ወጣሁ። ሰዎች ያገናኙኝ አከራይ ኣቦይ ሐጎስ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፣ ሰባ አልፈዋል፣ ባታቸው ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። በሩን ከፍተው እኔን አላዩም። ብስክሌቱን ነው ያዩት።

«እዚ ብሽክለታ ናይ መን እዩ?»

«የእኔ ነው» አልኩ፤ ብስክሌቱ የማን እንደሆነ መጠየቃቸው ገብቶኛል።

«ትነዳለህ?»

ከዚህ በፊት ግን አንድ ሌላ ተከራይ እንዳባረሩ ሰምቻለሁ፤ እንግዳ አታምጣ፣ ውኃ አትድፋ፣ ሬዲዮ አትክፈት የሚል ሕገ መንግሥት አላቸው። ስለዚህ ደረቴን ነፋሁ። «መንዳት? ኣቦይ፣ የደብረ ብርሃን ሰው በሕፃንነቱ ከአንቀልባ ወርዶ ብስክሌት ላይ ነው የሚወጣው። በዚያ ውርጭ ካልነዳህ ትደርቃለህ!»

«ጽቡቕ! ጥሩ!» አሉና ሕገ መንግሥቱን ሳያነቡልኝ ቁልፉን ሰጡኝ።

እናንተ ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ስለ መቀሌ አንድ ነገር ዕወቁ። እኛ ጋ ብስክሌት የቆጣሪ አንባቢና የእብድ ነው። እዚህ መምህሩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ዲያቆኑም ይነዳል። የብስክሌት ውድድር ሲኖር መንገዱ ዳር እንደ ጥምቀት በሰው ይሞላል። ብርዱም የእኛን አያህልም፤ አራት ብርድ ልብስ ይዤ መጥቼ ሦስቱን ትራስ አደረግኳቸው። ጥሕሎ የሚባል የገብስ ድብልብል አለ፣ በሹካ መሳይ እንጨት ወግተህ ወጥ ውስጥ ታጠልቀዋለህ፤ ገብሱ የእኛው ገብስ ነው፣ አበላሉ ግን ጦር ሜዳ ነው። በነሐሴ ደግሞ በለስ የሚባለውን እሾሃም የቁልቋል ፍሬ ይበላሉ። የቤቱ እመቤት ኣደይ ለተብርሃን ልጠው ያቀርቡልኛል። ጣፋጭ ነው ይላሉ፤ እኔ አፌ ውስጥ ፍሬውን እቆጥራለሁ እንጂ ጣዕሙ አይደርሰኝም።

ኣቦይ ሐጎስና ጓደኞቻቸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከመቀሌ ወጣ ብላ ከፍታው ላይ እስካለችው ቁሓ ድረስ ይነዳሉ። ለውድድር አይደለም፤ ለደስታ ነው። «ወዲ ሸዋ፣ ስማኝ» ይሉኛል፤ የሸዋ ልጅ ማለታቸው ነው። «ዓመቱ ሙሉ አቧራ ነው፣ ሐምሌ ጭቃ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ግን ዝናቡ ማታ ማታ ብቻ ይሆናል፣ አስፋልቱ ታጥቦ ያድራል፣ ስንዴው ጉልበትህ ይደርሳል። ቁሓ ላይ ወጥተህ ፊትህን ወደ ከተማ ስታዞር፣ እግርህ አይሠራም፣ ብሽክለታው አይሠራም፣ ቁልቁለቱ ነው የሚሠራው። አንተ ሸሚዝህን ከፍተህ መቀመጥ ብቻ ነው። በዓመት አራት አምስት እሑድ ብቻ ነው እንዲህ ያለው። በእኔ ዕድሜ ደግሞ አንዱም አይባክንም።»

አብሬያቸው እንዳልሄድ ሰበብ አላጣሁም። «ብቻዬን መንዳት እወዳለሁ» እልና በማለዳ ብስክሌቱን ይዤ እወጣለሁ። በእጄ እየሳብኩ ቁሓ ድረስ እወጣለሁ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ አያለሁ፣ በእጄ እየሳብኩ እመለሳለሁ። እናቴ በጎረቤት ስልክ ስትጠራኝ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ነዳኸው?» «ዛሬ እንኳ ቁሓ ደርሼ መጣሁ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። ደርሻለሁ።

በሁለተኛው እሑድ ደረሱብኝ። ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ያስተውላል! እኔ ግን ቁልቁለት ላይ ነው ብስክሌት በእጄ ይዤ የተገናኘኋቸው። ኣቦይ ሐጎስ፣ ልብስ ሰፊው ካሕሳይና ሌሎች አራት ሰዎች ፍሬናቸውን ይዘው ከበቡኝ።

«ተበላሸ?» አለ ካሕሳይ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን እየጫነ።

«ደህና ነው።»

«እና በቁልቁለት ብሽክለታ የሚጎትት ሰው አለ እንዴ! አህያህን ተሸክመህ መሄድ ነው እኮ ይሄ!»

ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው። ግን አፌ የራሱን ነገር ተናገረ። «የአባቴ ነው» አልኩ። «ሰማንያው አልወጣም። በእኛ አገር የሟች ፈረስ ተጭኖ በለቅሶው ሜዳ ይሳባል እንጂ አይጋለብም። አባቴ ፈረስ አልነበረውም።»

የፈረሱ ነገር እውነት ነው፤ የድሮ ባላባት ሲሞት እንዲያ ይደረግ ነበር። ወደ ብስክሌት ያሻገርኩት እኔ ነኝ።

ኣቦይ ሐጎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እግራቸውን በኮርቻው ላይ አሳልፈው ወረዱ። «ይሄ በእኛም ነበረ» አሉ። «ለምን ቀድመህ አልነገርከንም፣ ወደይ፣ ልጄ?»

ካሕሳይ ወረደ። ሁሉም ወረዱ። «የሚቀጥለው እሑድ ብቻህን አትስበውም» አሉኝ።

የሚቀጥለው እሑድ ኣቦይ ሐጎስ ያሉት ዓይነት ነበር። ሰማዩ ታጥቧል፣ ስንዴው ያብለጨልጫል፣ ነፋሱ ከጀርባ ነው። ስድስት ሰዎች ያንን የመሰለ መንገድ፣ ያማሩ ብስክሌቶቻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እኔን ከፊት አስቀድመው ቁሓ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። የአሸንዳ ሰሞን ነበርና ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ፣ የወገባቸውን ቄጤማ እያወዛወዙ መጥተው መንገድ ዘጉብን። ካሕሳይ ቀረብ ብሎ «ሓዘን ኣለዎ» አላቸው፤ ሐዘንተኛ ነው። ከበሮዋን የያዘችው ልጅ መዳፏን ቆዳው ላይ አሳርፋ ድምፁን አጠፋችው። ሁሉም ገለል ብለው አሳለፉኝ። በዚያን ጊዜ ማፈር ነበረብኝ። ማፈሬን ግን በሩቅ ነው ያየሁት፣ እንደ ሰው ዕቃ።

ቁሓ ላይ ደርሰን ፊታችንን ወደ ከተማ አዞርን። ኣቦይ ሐጎስ ቁልቁለቱን አዩት። አንድ እሑዳቸውን ለእኔ ውሸት መስጠታቸው ነው። እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ እኔ ግን በላዩ ሌላ ውሸት ደረብኩ።

«ኣቦይ፣ በእኛ አገር ሽማግሌ ከጋለበው እገዳው ይፈታል።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

የራሳቸውን ቀላል ብስክሌት አስጨበጡኝና የአባቴን ጥቁር ብስክሌት ተፈናጠጡ። ደወሉን አንድ ጊዜ መቱት፤ ቂሊሊል። ወረዱ። ሌሎቹም «ሆ!» ብለው ተከተሏቸው። ሸሚዛቸው እንደ ሸራ ተነፋ። ደወሉ ከታች እየራቀ ተሰማኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያን ደወል ሲመጣ እንጂ ሲሄድ ሰምቼው አላውቅም። ጠዋት ሲወጣ እኔ ተኝቼ ነበር። ደረቴ ውስጥ፣ የደነዘዘ እግር ሊነቃ ሲል እንደሚነዝረው ያለ ነገር ነዘረኝ። እንባው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ተወኝ።

ያ ንዝረት እንዲመለስልኝ ብዬ ይመስለኛል፣ በኣቦይ ሐጎስ ብስክሌት ላይ ወጣሁ። እግሬን ሰቅዬ ለቀቅኩት። ኣቦይ ያሉት እውነት ነው፤ ቁልቁለቱ ነው የሚሠራው። ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ በጎኔ ሮጠ፣ ነፋሱ አፌ ውስጥ ገባ፣ እንደ ንስር በረርኩ። ይህ ሁሉ የሆነው እስከ መጀመሪያው ኩርባ ነው። ኩርባው ላይ መንገዱ ታጠፈ፣ እኔ ቀጥ አልኩ፣ በለስ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ።

ዞረው መጡ። ኣቦይ ሐጎስ ከእሾሁ መሐል ቁልቁል አዩኝ።

«ኣይትፈልጥን ዲኻ? መንዳት አትችልም?»

«አልችልም።»

«የአባትህ ባህልስ?»

«ውሸት ነው።»

«የአባትህ ሞትስ?»

«እሱ እውነት ነው።»

ከዚያ ኣቦይ ሐጎስ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ኣጆኻ» አሉኝ፤ አይዞህ። «ተነሥ። ወንበር ላይ ግን አትቀመጥ።»

ኣደይ ለተብርሃን ከሰዓት በኋላውን እሾሁን በወረንጦ ሲለቅሙልኝ ዋሉ። የት የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። በሆዴ ተኝቼ ሳለ ሳሎን ያለው ስልክ ጮኸ፤ ቆሜ አነሣሁት።

«ነዳኸው?» አለች እናቴ።

«ወደቅኩ።»

«እሰይ!» አለች። በድምፅዋ ውስጥ እውነተኛ ደስታ ነበረ። «አለቀስክ?»

«እሾህ ወጋኝ እንጂ አላለቀስኩም።»

የጎረቤታችን ዶሮ ከወዲያ ይሰማል። «እንደማትችል አውቃለሁ እኮ፣ ልጄ። አባትህ እስኪሞት ያዘነበት ነገር ነው። ወድቀህ እንኳ ብታለቅስ ብዬ ነው የሰጠሁህ።»

«እማዬ፣ በለቅሶው ላይ አልቅሻለሁ። አገር አይቷል።»

«አገር ከፊትህ ነበር» አለችኝ። «እኔ ከጎንህ ነበርኩ።»

ይህን ስጽፍ መቀሌ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ብስክሌቱን ኣቦይ ሐጎስ በነሐሴ እሑዶች ይነዱታል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሲሄድ እሰማዋለሁ። ዛሬም መንዳት አልችልም። የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ በሐዘኔ ያዘናችሁ፣ ይቅርታ። አባቴ የተቀበረ ዕለት በነጠላዬ ተከልዬ ጣቴን እየላስኩ ዓይኔን አረጠብኩ። ያያችሁት ምራቄን ነው።