ጥያቄውን ሳትሰማ የምትመልስ ነርስ

«ሲ!» አለች፣ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ።

የእህቴ ልጅ ናት። በነርሲንግ ተመርቃ የፊታችን ቅዳሜ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ትቀመጣለች። ዛሬ ጠዋት ከጨለለቅቱ ዲላ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ጠይቀኝ» ብላ ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛችውን፣ መልሱ የተከበበበትን የጥያቄ ወረቀት («ሺት» ይሉታል) ሰጠችኝ።

አንድም አልሳተችም። ነገሩ ስላላማረኝ የምርጫዎቹን ቦታ ቀያይሬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ከወለደች በኋላ ደም በብዛት የሚፈሳት እናት ብትገጥምሽ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሲ!»

ሲ ላይ ያስቀመጥኩት «ቤቷ ሄዳ እንድታርፍ እነግራታለሁ» የሚለውን ነበር።

ስነግራት እኔኑ ተቆጣች። «ጋሼ ደግሞ! ሺቱን ለምን ታበላሸዋለህ? አምና ያለፉት ሁሉ እንዲህ አጥንተው ነው።»

(እንግዲያው ፈቃዱን ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስጡትና እንገላገል።)

አራት ዓመት ተምራ ፊደል ሸምድዳ ስትመጣ፣ እሷን ብቻ ልቆጣ? ወረቀቱን «ይሄን ብቻ ያዙ» ብሎ የጠቆማቸው አስተማሪያቸው ነው!

«አንቺን ስትወልድ እናትሽም እንዲሁ ደም ፈሷት ነበር» አልኳት። «ያዳነቻት ነርስ እንዳንቺ አጥንታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናት አልነበረሽም።»

እስክሪብቶ አነሳችና በየጥያቄው ላይ የተከበበውን ፊደል አንድ በአንድ ሰረዘችው።

«በል እንደገና ጠይቀኝ። ቀስ ብለህ አንብብ።»

የተሰረዘውን እያየሁ ሳርማት፣ እስከ ምሳ ግማሹን ሳተች። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

እናንተም ቤት ተፈታኝ ካለ ምርጫዎቹን ቀያይራችሁ ጠይቁትና የመለሰላችሁን እዚህ ጻፉልኝ።