አስታማሚዋን አትቀይር

ለሥራ የደረሰ ሰው በጠራራ ፀሐይ የኮምፒውተር ጨዋታ ፊት ተተክሎ ከዋለ፣ የዋለበት ሰዓት ከአንድ ሰው የተሰረቀ ነው፤ ከትዳር ጓደኛው፣ ከልጁ፣ ከአሠሪው ወይም ከታመመ ወላጁ። ፍርዱ በጥቅሉ ልክ ነው። በፎቁ አራተኛ ደርብ የምትኖረው ጎረቤት ይህንኑ ፍርድ አጠገቧ በምትኖር የሆስፒታል ራጅ አንሺ ላይ ስትፈርድ ኖራለች። በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር የምታየው የኮምፒውተሩን ብርሃንና ወደ ብርሃኑ ያጎነበሰ ጀርባ ነበርና፣ «አልጋ ላይ እናት አስተኝቶ ጌም!» እያለች ለደረጃው ሁሉ ታወራለች። ጎረቤቲቱ ያየችው ነገር እውነት ነው። ከጀርባው ያለውን ግን ማንም አልመረመረውም።

ራጅ አንሺዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። እናቷ አንድ ቀን ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም፤ ምላሳቸውም ተሳስሯል። የሚሰሙት ግን ሁሉንም ነው። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፦ እሷና የመንገድ መሐንዲስ የሆነው ታላቅ ወንድሟ። ሁለቱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆመው ተስማሙ። የመጀመሪያውን ዓመት እሷ ያለደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ታስታምማለች፤ ሁለተኛውን እሱ የመስክ ሥራውን ትቶ በቢሮ ይመደብና ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ከዚያ ተራው ይቀጥላል። ሐሳቡን ያመጣው ወንድምየው ነበር። እናትየውም ተሽከርካሪ አልጋው ላይ ሆነው ሰምተዋል።

የመጀመሪያው ዓመት አለቀ። ወንድምየው ድልድይ እያስጀመረ ነበር። ድልድዩ ተጀመረ፤ ቀጥሎ ዝናብ መጣ፤ ከዝናቡ ቀጥሎ ሌላ ድልድይ መጣ። እሷም ጠበቀች። ለምን ዝም ብላ እንደጠበቀች የሚጠይቅ ሰው የሥራዋን ጠባይ ማወቅ አለበት። በራጅ ክፍል ተረኛው ሳይመጣ ቦታውን ጥሎ የሚሄድ የለም። ተረኛውም አይቀርም፤ ቢዘገይ እየሮጠ ይደርሳል፤ እያለከለከ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የትኛው በሽተኛ ሳይነሳ እንደቀረ፣ ማሽኑ ዛሬ ምን ዓይነት አመል እንዳወጣ ይረከባል፤ ከዚያም የወጪውን ሰው ጃኬት ከመስቀያው አውርዶ ያቀብላል። አሥር ዓመት በዚህ ሥርዓት ያደረ ሰው፣ ተረኛው ጭራሽ የማይመጣበት ቦታ ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የመኝታው መስኮት የሚያየው የጎረቤቱን ሕንጻ ግድግዳ ነው፤ እጅ ቢዘረጋ ይነካል። እናትየው ቁስል እንዳያወጡ በየጥቂት ሰዓቱ ጎናቸው መገላበጥ አለበት፤ አንሶላው ከሥራቸው እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ሌላው እየተዘረጋ ይገባል። ውኃ ብቻውን ያንቃቸዋልና በዱቄት እንዲወፍር ተደርጎ በማንኪያ ይሰጣቸዋል። ራጅ አንሺዋ ከቤት የምትወጣው ወደ መድኃኒት ቤት ብቻ ነበር፤ ያውም ጎረቤቲቱ ቁጭ ስትልላት። ቁጭ ብላም ሰዓቷን ታያለች።

ወንድምየው ለጋስ ሰው ነው። ተራውን መጀመሪያ ስትጠይቀው ትልቅ ቴሌቪዥን ላከ። እንደገና ስትጠይቀው ልብስ ማጠቢያ ማሽን አስገባ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምጿ ከወትሮው ከፍ ብሎ ስትጠይቀው፣ ጥሩ ላፕቶፕ ይዞ ራሱ መጣና እሱ ራሱ የሚወደውን ጨዋታ ጭኖ ሰጣት፤ ቀኑን ይገፋልሻል አላት።

ጨዋታው ጢማም ድንኮች ከተራራ ሥር ከተማ የሚቆፍሩበት ነው። ተጫዋቹ አይቆፍርም፤ ያዛል። ይህን አለት ፈልፍሉ፣ ያን ወርቅ አውጡ፣ በጨለማው እንጉዳይ ዝሩ፣ ጭራቅ መጥቷልና በሩን ዝጉ ይላል። እያንዳንዱ ድንክ የራሱ ሙያ፣ ዘመድና ስሜት አለው፤ የከፋው ሥራ ያቆማል፣ የባሰበት ዕቃ ይሰብራል። ስለ ጨዋታው አስተያየት የሚለዋወጥ አንድ የተጫዋቾች ቡድንም በስልክ ላይ ነበር። በዚያ ቡድን ሰው እንደ ዳኛ ይናገራል። አንዱ ስዕሉን ሲያይ ዶሮ ቀለም ረግጣ ያለፈችበት ወረቀት መስሎት እንደነበር ጽፏል፤ ለሳምንት የታገሠ ግን ወንበሩን እንደማይለቅ መስክሯል። ሌላው፣ ድንኮቹ ቁፋሮውን እያቋረጡ መጠጥ ፍለጋ ስለሚሄዱ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ የተባለው ለእነሱ ነው ይላል። ጢም አልባው የሚባለው የሚያማርረው ሴቶቹም ጢም ስላላቸው ነው፤ ማንን ለማን እንደዳረ አያውቅም። ባለትዳሩ ደግሞ ሚስቱ ልጆቹ በሉ ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ የትኞቹ ብሎ እንደመለሰላት ተናዟል።

በቡድኑ ከሁሉ የሚከበረው አለቃ ጉድጓድ ነበር። አለቃ ጉድጓድ ወንድሟ ነው፤ ይህንንም በኩራት ነግሯታል። እሷ ጭላንጭል በሚል ስም ገብታለች፤ እንዳይቀልድባት ብላ አልነገረችውም። የአለቃ ጉድጓድ አስተያየቶች ረጃጅምና የተጣሩ ናቸው። ከሚታወቁለት አንዱ፣ አልጋ የያዘ ድንክ ሰፈሩን ያዘገያልና በእኔ ሰፈር በሽተኛ አይኖርም፣ የወደቀውን በወደቀበት ግድግዳ እዘጋበታለሁ የሚለው ነው። ቡድኑም ስቆበታል። ጨዋታ ነውና ማንም አልወቀሰውም።

አንድ ረቡዕ የራጅ ክፍሉ ኃላፊ ደወለችላት። ፈቃዷ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም፤ ሰኞ ካልገባች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ኃላፊዋ በደግ ቃል ነበር የነገረቻት፤ ቢሆንም ነገሩ ቁርጥ ነው። ራጅ አንሺዋ ወዲያው ወንድሟ ዘንድ ደወለች። እሱም ነገሩን እናየዋለን፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አላት። ቦታዋን ካጣች ዳግም እንደማይቀጥሯት ሁለቱም ያውቃሉ።

ያን ከሰዓት መቀመጥ አቃታት። በእሷ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ድንክ አለት ተደርምሶበት ወገቡ ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ አይነሳም። ውኃና ምግብ የምታመላልስለት አንዲት አስታማሚ ድንክ አለች። የአስታማሚዋ ስሜት ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ነበር። ሌላ ለመመደብ ቢፈለግ፣ ያለው ሰው የሰፈሩ ዋና ቆፋሪ ብቻ ነው። ጭላንጭል ይህንን ለቡድኑ ጻፈችና ልቀይራት ወይ ብላ ጠየቀች። ጢም አልባው ቀይራት አለ፤ ባለትዳሩ ሽማግሌውን ተሰናበተው አለ። ከዚያ አለቃ ጉድጓድ መለሰ፦

«ወዳጄ፣ አስታማሚዋን አትቀይር። ዋና ቆፋሪህን አንስተህ አልጋ አጠገብ ካስቀመጥከው ሰፈሩ በሙሉ ይቆማል። እሷ እንደሆነ ለምዳዋለች። ቅር ሲላት ክፍሏን አሳምርላት፤ አንድ ጥሩ ዕቃ አስገባላት። ብዙ አታስገባ፤ በተከፋች ቁጥር አንድ ይበቃል። በሩ በየት በኩል እንደነበር ትረሳዋለች። ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።»

ቡድኑ አጨበጨበ። ራጅ አንሺዋ ስልኩን አስቀምጣ ክፍሉን አየችው። ቴሌቪዥኑን፣ ማጠቢያውን፣ ላፕቶፑን በየቀኑ ታያቸው ነበር፤ በመጡበት ቅደም ተከተል ግን አይታቸው አታውቅም።

ወንድምየው ጨካኝ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። መልሱን ሲጽፍ እህቱን አላሰበም። ክሱን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ በሰው ላይ ሲሠራበት የኖረውን ዘዴ ሲጽፈው፣ ከጨዋታ የተማረው መሰለው።

እሷ ምክሩን አልተቀበለችም። ዋና ቆፋሪውን ከዋሻው አንስታ ሽማግሌው አልጋ አጠገብ መደበችው። አስታማሚዋ ድንክ ከክፍሉ ወጣች፤ ደረጃውን ሁሉ ወጣች፤ የዋሻው አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ሥራ የላትም የሚል ምልክት ከራሷ በላይ መጣ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላደረገችም፤ ቆማ ብቻ ቀረች። ራጅ አንሺዋ የእናቷ መገላበጫ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ስታያት ቆየች።

ቅዳሜ ወንድምየው መጣ። ከኋላው አንድ ተሸካሚ ጀርባው የሚዘረጋ፣ እግር ማሳረፊያ ያለው ወንበር በደረጃው እያላበው ያወጣ ነበር። ወንበሩን አስቀምጦ ላቡን ሲጠርግ፣ እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ለመነሳት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል ብሎ ቀለደና ወጣ። ወንድምየው ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሥራ መግባት አለብኝ» አለችው።

እሱ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ተቋራጩ ክርክር፣ ክረምቱ ሳይገባ መፍሰስ ስላለበት ኮንክሪት አስረዳት። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ይህ ወቅት ይለፍ፣ ከዚያ በኋላ ማሪያም ምስክሬ አላት። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ፣ «ደግሞስ ምን ጎደለብሽ የኔ እህት? ንገሪኝ፤ የጎደለውን አመጣለሁ» አለ።

«ጭላንጭል እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ በራ። ምነው ሳትነግሪኝ ብሎ ወቀሳት፤ ያ መልስ በቡድኑ ስንት ሰው እንደወደደው፣ ጥያቄውም እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ እንደነበር ሊነግራት ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሞክሬዋለሁ ብለሃል። በየትኛዋ ላይ ነው የሞከርከው?»

«በየትኛዋ ማለት?»

«በአንተ ሰፈር በሽተኛ አይኖርም። ራስህ ነህ የጻፍከው። በሽተኛ ከሌለ አስታማሚ የለም። እና በየትኛዋ ላይ ሞክረኸው ነው ይሠራል ያልከው?»

ወንድምየው፣ «ጨዋታ ነው እኮ። ስለ ድንክ ነው የጻፍኩት» አለ።

«እኔም ስለ ድንክ ነው የጠየቅኩት» አለችው።

እናትየው ከአልጋቸው ሆነው ድምፅ አሰሙ። ቃል ለማውጣት ረዥም ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ ልጆቹም መጠበቅ ለምደዋል። «አንተ» አሉ፤ ቆይተውም «ተቀመጥ» አሉ። እሱ እንግዳ እንደሚስተናገድ መስሎት አዲሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናትየው ግን አልጨረሱም ነበር። ደኅናውን እጃቸውን ከአንሶላው አውጥተው ወደ ሴት ልጃቸው አመለከቱ።

«እሷ ትሂድ።»

ሰኞ ወንድምየው መጣ፤ ዘግይቶ መጣ። እሷ በሆስፒታሉ ወግ አስረከበችው፦ በየትኛው ጎናቸው እንደተኙ፣ መቼ እንደሚገለበጡ፣ የትኛው ኩባያ የመድኃኒት እንደሆነ፣ ሲርባቸው እንዴት እንደሚያዩ። እሱ ግማሹን እየሰማ ግማሹን ስልኩን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ጃኬቷን ከመስቀያው ራሷ አወረደች።

በሆስፒታሉ ማሽኑ ተቀይሮ ጠበቃት። ራሷ ያሠለጠነቻት ልጅ የበላይዋ ሆናለች፤ ልጅቱ አፍራ፣ እሷ ግን ሳታፍር ከእሷ ተማረች። የራጅ ክፍል መስኮት የለውም፤ በሩ እርሳስ የተለበጠ ነው፤ ሲዘጋ የውጭው ድምፅ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ በዚያ ዋለች። የማታው ተረኛ ዘግይቶ፣ እያለከለከ ገባና ትራንስፖርት እንዴት እንዳጣ ማስረዳት ጀመረ። እስኪጨርስ መቆም አልቻለችም፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ አለቀሰች።

ወንድምየው ጥቂት ጊዜ ካስታመመ በኋላ፣ እሷም ተስማምታ፣ ለጠዋቱ አንዲት አስታማሚ ቀጠረ፤ ከሰዓቱን ራሱ ይዟል። ከሞላ ጎደል ቃሉን ይጠብቃል። ከደረጃው ሥር ሲያልፍ ያቺው ጎረቤት ቆማ ትመርቀዋለች፤ እንዲህ ያለ ወንድ ልጅ ለወላጅ ሁሉ ይስጥ፣ እናቱን በእጁ የሚያጎርስ መሐንዲስ የት ይገኛል ትላለች። እሱም ምርቃቱን ተቀብሎ ያልፋል። ራጅ አንሺዋን በዚያ ደረጃ ማንም መርቋት አያውቅም። በቡድኑ ውስጥም የአለቃ ጉድጓድ መልስ አልተሰረዘም፤ አዲስ ተጫዋች ስለ አስታማሚ ድንክ በጠየቀ ቁጥር እሱን አንብብ ይሉታል፤ በቅርቡም አንዱ ሞክሬው ሠራልኝ ብሎ አመስግኖታል።

ጎረቤቲቱ የተሰረቀ ሰዓት አለ ማለቷ ስሕተት አልነበረም። የተሰረቀችው ግን ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ራሷ ነበረች።

ሁለተኛው ዓመት የወንድምየው ተራ ነበር፤ እህቱ ኖረችለት። ያን ዓመት ሊመልስላት ይገባው ነበር። ዓመት የማይመለስ ከሆነም፣ የእሱ ተራ እንደነበረ በእናቱና በሚያመሰግኑት ሰዎች ፊት መናገር ይገባው ነበር። አልተናገረም።