ባለቤት ያለው ዜማ

የኔአለም ደመላሽን የማያውቃት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ጥቂት ነው። «የኖራዋ» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት በወረዳው የግብርና ባለሙያ ሆና ሠርታለች። መሬቱ አሲድ በዝቶበት ስንዴው ቢጫ ሆኖ የቀረበትን ገበሬ ሁሉ ቤቱ ድረስ እየሄደች፣ «ማዳበሪያ ብቻውን አይበቃም፤ አፈሩ መጀመሪያ በኖራ ይታከም» እያለች ስትከራከር ኖራለች። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ከሞተር ሳይክል ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላትም ዳገት መውጣት እንደማትችል ሐኪሙ ነገራት። መሥሪያ ቤቱም ደብረ ማርቆስ አዛውሮ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጣት።

ሦስት ወር ያህል ፋይል ስታገላብጥ ቆየች። አንድ ቀን ስልክ ለደወለላት ገበሬ የኖራ አበታተን ግማሽ ሰዓት ሙሉ በቃል ስታስረዳው ቆይታ በመጨረሻ ሰውየው፣ «ምናለ እጅሽን እያየሁ ቢሆን» አላት። በማግሥቱ ከተከራየችው ቤት ጓሮ ስልኳን አጥር ላይ አስደግፋ፣ አንድ መደብ አፈር ላይ ኖራ እየበተነች ራሷን ቀረጸች። «የአፈር ሐኪም» የተባለው የዩቲዩብ ቻናሏ የተጀመረው በዚያ ቪዲዮ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ቪዲዮ ሠራች። ለምርመራ አፈር እንዴት እንደሚወሰድ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ኖራ ለምን እንደማይበተን፣ ከዘር በፊት ስንት ጊዜ ታርሶ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ እንዳለበት፣ አንድ በአንድ አሳየች። የቀበሌ ባለሙያዎች በስልካቸው ጭነው በስብሰባ ላይ ያሳዩላት ነበር። ደረቅ ትምህርት ቀልብ አይይዝም ብላ ስለምታምን ከድምፅዋ ሥር ዘፈን ታስገባለች። የምትመርጠውም በሠርግ ቤት ሁሉ የሚጨፈርበትን፣ ሰው የሚወደውን ዘፈን ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ አንዱ ቪዲዮ ጠፋ። የዘፈኑ ባለመብት አመልክቶ መነሣቱን፣ ቻናሏም የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈበት የሚገልጽ መልእክት መጣላት። ደነገጠች፤ ግን ቪዲዮውን ከነአካቴው ካጠፋሁት ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠፋል ብላ ሰረዘችው። አልጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ቪዲዮ በሌላ ባለመብት ተነሣ። አሁን ለሁለት ሳምንት አዲስ ቪዲዮ መጫን ተከለከለች። በዘጠና ቀን ውስጥ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ቻናሉ ከነቪዲዮዎቹ እንደሚዘጋ ተነገራት።

ቁጭ ብላ አርባ አንዱንም አየቻቸው። ሠላሳ አንዱ ውስጥ የሰው ዘፈን አለ።

ደብረ ማርቆስ ሕግ የሚያስተምር ኃይለ ሚካኤል የሚባል የአክስት ልጅ አላት። በማግሥቱ ቤቱ ሄደች።

«እኔ እኮ ነግጄ አልበላሁበትም፤ ገበሬ ነው ያስተማርኩበት» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ባትነግጂበትም ዘፈኑ የሰው ነው። የት ይግባ፣ የት አይግባ የሚለው ባለቤቱ ነው።»

«አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ነው የወሰድኩት። ከዚያ በታች ይፈቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ሁሉም ይላል።»

«ሁሉም ይላል፤ እንዲህ የሚል ሕግ ግን አላየሁም።»

«የዘፋኙን ስም ከሥር ጽፌያለሁ።»

«ስሙን መጻፍሽ ጨዋነት ነው፤ ፈቃድ አይደለም።»

የኔአለም ግን፣ «ሁለተኛ የተነሣብኝ ቪዲዮ ውስጥ ያለው የሀገር ዜማ እኮ ነው። አያቶቻችን በአጨዳ ሲዘፍኑት የኖሩት። እሱም ባለቤት አለው ልትለኝ ነው?» አለች።

«ዜማው የሁላችንም ነው። አንቺ የወሰድሽው ግን አንድ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ፣ ሙዚቀኛ ሰብስቦ ያስቀረጸውን ነው። ያ ቅጂ የሱ ነው። ዜማውን ራስሽ ብትዘፍኚው ወይም ፈቅዶ የሚጫወትልሽ ሰው ብታገኚ ማንም አይናገርሽም።»

«እኔ ከዘፈንኩ ገበሬው አገር ጥሎ ይጠፋል።»

ሁለቱም ሳቁ። ኃይለ ሚካኤል ግን ወዲያው ኮስተር ብሎ፣ «ዘፈን ያለባቸውን አሁኑኑ ሸሽጊያቸው። ዘጠናው ቀን እስኪያልፍ ጠብቂና ቀስ ብለሽ ታስተካክያለሽ» አላት።

«ዘጠና ቀን ብጠብቅ ሐምሌ ሊጋመስ ነው። ኖራ የሚበተነው በግንቦት ነው። ከዘር በኋላ ማን ያየዋል?»

እንደመከራት ሠላሳ አንዱን ሸሸገች። ለሁለቱ ባለመብቶችም ይቅርታ ጠይቃ ጻፈች። አንደኛው፣ «ይቅርታሽን ተቀብለናል፤ ማስጠንቀቂያው ግን ጊዜውን ጠብቆ ይውረድ» ብሎ መለሰላት። ሁለተኛው ጭራሽ አልመለሰም። በነጻ እንዲወሰዱ የተፈቀዱ ሙዚቃዎችን ከኢንተርኔት አውርዳ ሞከረች። በጥማድ በሬ በሚታረስ ማሳ ላይ የፈረንጅ ፒያኖ ሲንቆረቆር ስትሰማ ራሷም ሳቀች፤ ተወችው።

አማኑኤል ከተማ ወፍጮ ቤት ያላቸው ጋሽ እንዳላማው የሚባሉ ዋሽንት ተጫዋች እንዳሉ የነገራት አንድ የሥራ ባልደረባዋ ነው። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄደች። ጋሽ እንዳላማው ስድሳውን የተሻገሩ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ናቸው። ሞተሩን አጥፍተው ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ከኬሻዎቹ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። የኔአለም በር ላይ ቆማ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ የመጣችበትን ነገረቻቸው።

«አይሆንም» አሏት።

«ለመልካም ሥራ ነው፣ ጋሼ። ለገበሬ ማስተማሪያ ነው።»

«እነዚያም ለማስታወሻ ነው ብለውኝ ነበር።» ዋሽንቱን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ወጣቶች መጥተው ቀረጹኝ። ደስ ብሎኝ ተጫወትኩላቸው። ከዚያ የእህቴ ልጅ አንድ ቀን በስልኳ የመጠጥ ማስታወቂያ አሳየችኝ። ዋሽንቱ የኔ ነው። ያን ዜማ ባለቤቴን ቀብሬ በተመለስኩ ሰሞን ነው ያወጣሁት፤ ሰዎቹ ብርጭቆ እያጋጩ ይስቁበታል። ስሜም የለበት፣ ማንም አልጠየቀኝ።»

የኔአለም ዘፈን ስትቆርጥ ያሳለፈቻቸው ሁለት ዓመታት በዐይኗ ዞሩ። ዘፋኙ ለምን እንደዘፈነው፣ ምን ሆኖ እንደዘፈነው አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«እኔም እንደነሱ ነኝ፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «የሰው ዘፈን ሳልጠይቅ ወስጄ ተቀጥቼ ነው የመጣሁት። አሁን ግን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ እንዳላማው አተኩረው አዩዋት። ሞተሩን አስነሡና በጩኸቱ መሀል፣ «ዛሬ ሂጂ» አሏት።

በአራተኛው ቀን ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ኃይለ ሚካኤል ያገዛት አንድ ገጽ ስምምነት ነው። ቅጂው ለእርሻ ማስተማሪያ ብቻ እንደሚውል፣ ለማንም እንደማይተላለፍ፣ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር «ዋሽንት፦ እንዳላማው አይናዲስ» ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ዜማውም የእርሳቸው ሆኖ እንደሚቆይ ይላል። ጋሽ እንዳላማው ሁለት ጊዜ አስነበቧት። «ለመጠጥ እንዳይውል» የሚል በግልጽ ይጨመርበት አሉ፤ በእጇ ጨመረችበት። ልጅ ሳሉ ቄስ ትምህርት ቤት በለመዱት ውብ ፊደል ስማቸውን ጻፉ። እህል ሊያስፈጩ ከመጡት ሁለቱ ምስክር ሆነው ፈረሙ።

ከዚያ ስልኳን ፊታቸው ላይ አድርጋ፣ ስማቸውንና ቀኑን፣ ምን እንደፈቀዱም በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ አደረገች። ቀጥለው ስድስት ዜማ ተጫወቱላት። የባለቤታቸውን አልተጫወቱም፤ እሷም አልጠየቀችም።

እገዳው እስኪነሣ የቀረው አምስት ቀን ነበር። ከሥራ በፊት ጠዋት፣ በምሳ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን ስትሠራ ሰነበተች። ለሃያ አምስቱ ቪዲዮ ዘፈን ያልገባበት የመጀመሪያው ቅጂ አሮጌ ፍላሽ ላይ ተገኘ። የስድስቱ ግን ጠፍቷል። እነሱን እንደ አዲስ ለመቅረጽ በከዘራ እያነከሰች ሦስት ማሳ ድረስ ሄደች። አንዱ ገበሬ ዳገቱን በበቅሎ አወጣት። እገዳው በተነሣ በአሥረኛው ቀን፣ ግንቦት ሳይጋመስ፣ ሠላሳ አንዱም በጋሽ እንዳላማው ዋሽንት ታጅበው ወጡ። የድሮዎቹ ላይ የነበረው ተመልካችና አስተያየት ሁሉ ቀረ። እሷ ግን ቪዲዮዎቹ መመለሳቸው ይበቃል ብላ አላዘነችበትም።

ሰኔ ሲገባ በአንድ ቀን ስለ አሥራ ዘጠኝ ቪዲዮዎቿ መልእክት መጣላት። አንድ ስሙን ሰምታው የማታውቅ ድርጅት፣ «በቪዲዮው ውስጥ ያለው ሙዚቃ የእኔ ነው» ብሏል። ሌላ ሰው የዋሽንቱን ድምፅ ከሷው ቪዲዮ ላይ ወስዶ በድርጅቱ በኩል በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሯል። ቪዲዮዎቹ አልተዘጉም። ከሥራቸው ግን የሙዚቃው ባለቤት ተብሎ የማታውቀው ሰው ስም ተጻፈባቸው።

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ እንኳ እንዲህ አልተናደደችም። ያኔ ጥፋተኛ ነበረች፤ አሁን ቃል የገባችለት የሰው ስም ነው የተነጠቀው።

ተቃውሞዋን ለአሥራ ዘጠኙም ጻፈች። ከሃያ ቀን በኋላ የድርጅቱ መልስ መጣ፦ «መርምረናል፤ መብቱ የእኛ ነው።»

ኃይለ ሚካኤል አንብቦ ራሱን አከከ። «ይግባኝ ማለት ይቻላል። ግን ተጠንቀቂ። ድርጅቱ ይግባኙንም ካልተቀበለ ቪዲዮዎቹ ይነሡ ብሎ ሊያመለክት ይችላል፤ ያ ደግሞ ከአንድ በላይ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። የመጀመሪያው ጊዜው አልፎ ቢወርድም ሁለተኛው አሁንም አለብሽ። ቻናሉን ልታጪ ትችያለሽ። ዝም ብትዪ ግን ቪዲዮዎቹ እንዳሉ ይቀጥላሉ።»

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ገበሬው ያያል፤ ኖራውም ይበተናል። የኔአለም ግን በማግሥቱ አማኑኤል ሄደች። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረድታ፣ «ይግባኝ ብልና ብሸነፍ ሁሉም ይዘጋል። ምን ይሉኛል፣ ጋሼ?» አለች።

«ዋሽንቱን የተጫወተው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ወረቀቱስ አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉና ቁና አንሥተው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ እንደተመለሰች ይግባኙን ጻፈች። የተፈረመውን ስምምነት ፎቶ፣ ዜማው የተቀረጸበትን ቀን የሚያሳየውን የመጀመሪያ ቅጂ፣ ጋሽ እንዳላማው በአንደበታቸው የተናገሩበትን ቪዲዮ ጠቀሰች። ሌላው ወገን አስመዘገብኩ ያለበት ቀን እሷ ቪዲዮዎቹን ከጫነች በኋላ መሆኑን አሳየች። ከላይ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ከዚህ በፊት ተሳስቼ የሰው ዘፈን ተጠቅሜያለሁ፤ ተቀጥቼበታለሁም። ይህ ግን በፈቃድ የተቀረጸ ነው፤ ባለቤቱም ሕያው ሰው ነው።» «ላክ» የሚለውን ነካችና ስልኳን ዘጋች።

ድርጅቱ መልስ እንዲሰጥ ያለው ጊዜ ሰባት ቀን ነበር። አምስቱ ቀን ባዶ አለፈ። በስድስተኛው ቀን ቢሮ ስብሰባ ላይ ሳለች ስልኳ ደጋግሞ ነዘረ። አሥራ ዘጠኙም ላይ የይገባኛል ጥያቄው ተነሥቷል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። የኔአለም ከስብሰባው ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆመችና አንድ በአንድ ከፍታ አየቻቸው፤ የማታውቀው ስም ከሁሉም ላይ ጠፍቷል። ለጋሽ እንዳላማው ደወለች። የወፍጮው ሞተር እየጮኸ ስለነበር ሦስት ጊዜ መደጋገም ነበረባት። «ተፈቷል! ስምዎ ብቻ ነው ያለው!» እያለች ስትጮህ የቢሮው ሰው ሁሉ በር ከፍቶ ያያት ነበር።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሐምሌ ላይ ጊዜው አልፎ ወረደ። መጋቢት ላይ በድንጋጤ የሰረዘችው ቪዲዮ ግን ዋናው ቅጂም ስለሌለ እስከዛሬ አልተመለሰም። የተቀረጸው ጉልበቷ ከመጎዳቱ በፊት ትሠራበት ወደነበረው ቀበሌ ተመልሳ ሄዳ ነበርና ያንን ስታነሣ ፊቷ ይጠቁራል።

በጥቅምት መሥሪያ ቤቱ ለሃያ ስድስት የቀበሌ ባለሙያዎች የቪዲዮ አሠራር እንድታሠለጥን ጠየቃት። ከሁለቱ የሥልጠና ቀን ውስጥ ግማሽ ቀኑን ለሙዚቃ ፈቃድ መደበችው። አስተባባሪው፣ «ይሄን ያህል ያስፈልጋል?» ሲላት፣ «ከካሜራው ይበልጣል» አለችው፤ አልቀነሰችም። ሥልጠናው ሲያልቅ መቅዲ የምትባል የመርጡለ ማርያም ባለሙያ ቀርባ፣ በቀበሌዋ ክራር የሚጫወቱ አንድ አዛውንት እንዳሉ፣ ነገር ግን ሰው መጠየቅ እንደምታፍር ነገረቻት።

የኔአለም ባዶ የስምምነት ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። «እፈሪ፤ ግን ሂጂ» አለቻት። «መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ስሚያቸው፤ ስልክሽን አታውጪ። እምቢ ካሉሽም አመስግነሽ ተመለሺና ሌላ ቀን ሂጂ።»