በመርፌ የተያዘው አንቴና

የዶክትሬት ጥናቴን የጀመርኩት ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ነው። የምሠራው ጠፍጣፋ አንቴና ነበር። አራት ስስ ሰሌዳዎች በመካከላቸው ስፖንጅ እየገባ ይደራረባሉ፤ የታተሙባቸው ትናንሽ የመዳብ ቅርጾች ከበስተኋላ የሚመጣውን ሞገድ በየመጠናቸው አዘግይተው ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ያደርጉታል። በየጣሪያችን ያለውን የጎድጓዳ ሳህን ሥራ አንድ ገበታ የሚያህል ነገር እንዲሠራው ማለት ነው።

በስሌቴ መሠረት ብዙ ኃይል ሳያባክን በሰፊ የድግግሞሽ ክልል መሥራት ነበረበት። ሲለካ ግን ክልሉ ጠብቦ፣ ኃይሉም መንገድ ላይ ቀርቶ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ስሌቱን ከሥር ከመሠረቱ መረመርኩ፤ ስህተት አላገኘሁም። የቀሩኝ ሰሌዳዎች ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቁ ነበሩ። እሱ ካልተሳካ ጥናቱን በዚያ ዓመት ማስረከብ አልችልም።

ስፖንጁን የምገዛው ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚሠሩ ፍራሽ ሰፊ ሽማግሌ ነው። አዲሱን በልኩ እንዲቆርጡልኝ የተበላሸውን አንቴና ይዤ ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ የማን ፍራሽ ነው? የድመት?»

«የሥራ ዕቃ ነው፣ አባባ።»

በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። «ደርቋል እኮ! ምን አጠጣሽው?»

«ማስቲሽ። እንዳይንሸራተት ብዬ ሁሉንም ቦታ ቀባሁት።»

«ወይ ልጄ! ማስቲሽ ለጫማ ነው። ስፖንጅ በመርፌ ነው የሚያዝ።»

ስፖንጁን ከአየር እምብዛም እንደማይለይ አድርጌ አስልቼው ነበር፤ ደርቆ የሞገዱን ኃይል የሚውጠው ማስቲሽ ግን በስሌቴ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። አንዲት ጥግ እንኳ ሳልተው የቀባሁት እኔው ነኝ።

መርፌው መዳቡን እንዳይነካ ፈርቼ ዳር ዳሩን ብቻ እንዲሰፉልኝ ጠየቅኋቸው።

«መሃሉ ያልተያዘ ፍራሽ ያብጣል!» አሉ ቆጣ ብለው።

ልክ ነበሩ፤ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከተዛባ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነው። ቤቴ ገብቼ በቀሩኝ ሰሌዳዎች ላይ በመዳብ ቅርጾቹ መካከል ዘጠኝ ባዶ ቦታዎች መረጥኩና በቀጭን መሰርሰሪያ በሳኋቸው። በማግስቱ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በስስ የጥጥ ክር ያዙልኝ፤ እኔ በየስፌቱ ውፍረቱን እለካለሁ።

«የፍራሽ ፖሊስ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

በመለኪያው ቀን አንቴናውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጦር ኃይሎች በኩል በታክሲ ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። በስክሪኑ ላይ የወጣው መስመር ካሰላሁት ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወርድ ነበር። ከዚያ በስተቀር ክልሉ ሰፍቶ፣ የሚያልፈውም ኃይል ጨምሮ አገኘሁት። ለማስረከብ ይበቃ ነበር። ስለ አሠራሩ በሚያትተው ምዕራፍ «ንብርብሮቹ በዘጠኝ ነጥቦች በጥጥ ክር ተሰፍተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ አማካሪዬ የገጹ ዳር ላይ «ዘዴው የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምስጋናው ገጽ ላይ ስለ ሽማግሌው አንድ መስመር ጨመርኩ።

ይህንን ልነግራቸው ስሄድ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«እህስ፣ ድመቷ ተኛችበት?»

«ተመችቷታል፣ አባባ» አልኳቸው።