ያላጠበቅሁት ብሎን

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ጾም መሻሬን፣ ሰው መሳደቤን፣ ሌላ ሌላውን ሁሉ እዘረዝራለሁ፤ ይህ አንዱ ግን ከጉሮሮዬ ሳይወጣ ሃያ ዓመት አለፈው። ኢድሪስ በሚባል ሰው ላይ ያደረግሁት ነው።

በጣሊያን ጊዜ መተማ ውስጥ ለአንድ ጣሊያናዊ መንገድ ቀያሽ መሐንዲስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሙያውን የተማርሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከአንድ ግሪክ ጋራዥ ነው። መሐንዲሱ የሚኖረው ካሚዮን በሚጎትተው ባለ ጎማ ቤት ውስጥ ነበር፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መልእክት የሚልክበት ሬዲዮ ሁሉ እዚያው ነው። ከወለሉ ሥር ባትሪዎች ነበሩ። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ሬዲዮው ወደሚፈልገው ኃይል የሚለውጥ፣ እንደ ንብ እየጮኸ የሚሽከረከር ማሽንም ነበረ። የባትሪዎቹና የማሽኑ ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ካሚዮኑን የሚነዳውም፣ ሌሊት ከቤቱ ሥር የሚተኛውም ኢድሪስ ነው።

ኢድሪስ የመተማ ሰው ነው። ንዳድ ጥሎኝ ሳለ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ውሃ በማንኪያ እያጠጣ ያተረፈኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኔ የሸጥሁት።

ሽንፋ የሚባል ቦታ ሰፍረን ነበር። በማግስቱ ልንነሣ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የባትሪዎቹን ሽቦ ፈትቼ ዝገቱን ጠረግሁ። መልሼ ስገጥም የአገሬ ልጆች ከጠላ ቤት ጠሩኝ። የመጨረሻውን ብሎን በጣቴ ብቻ አዙሬ፣ በመፍቻ ሳላጠብቀው ሄድሁ። ስመለስ አጠብቀዋለሁ ብዬ ነበር። ሰክሬ ገባሁና ተኛሁ።

ጥዋት ጉዞ ጀመርን። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቤቱ ክፉኛ ይናጥ ነበር። ረፋዱ ላይ ቆመን መሐንዲሱ ሬዲዮውን ቢከፍት ማሽኑ አጉረመረመና ቀጥ አለ። በዚያ ሰሞን አርበኞች አካባቢው ላይ ነበሩና ሰውየው ፊቱ ነጣ። «ፈልግ!» አለኝ።

ፈለግሁ። መብራቱን ሳበራው ደህና በራ፤ ማሽኑን ሳስነሣው ግን ደከመ። እንግዲያው ባትሪው አልሞተም፤ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ሽቦውን እየዳሰስሁ ሄድሁ። መጋጠሚያው ላይ ስደርስ ጣቴን አቃጠለኝ። ብሎኑ ላልቷል፣ ሽቦው ጠቁሯል፣ የባትሪው የእርሳስ ጫፍ ቀልጧል። የማን ሥራ እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

መሐንዲሱ አናቴ ላይ ቆሟል። «ምንድን ነው?»

«ብሎኑ ተፈትቷል» አልሁ።

«ራሱ ተፈታ ወይስ ሰው ፈታው?»

«ሰው ነው የፈታው» አልሁ።

ውሸት አልተናገርሁም እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን አባበልሁ! አዎ፣ ሰው ፈትቶታል፤ ሰውየው ግን እኔ ነበርሁ። መሐንዲሱ ከቤቱ ሥር ማን እንደሚተኛ ጠየቀ። ዞር ብዬ ኢድሪስን አየሁት፤ ያ በቃቸው። የሚያጅቡን ወታደሮች የፊጥኝ ሲያስሩት፣ «ወላሂ አልነካሁም! አንተ ንገራቸው እንጂ!» አለኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሽቦውን መጠገን ጀመርሁ።

ጎንደር ወስደው አንድ ዓመት አሰሩት። ሲፈታ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። መተማ ሲገባ ከሚስቱ ቀጥሎ የመጣው ወደ እኔ ነው። ደጄ ላይ ቆሞ፣ «አንተንስ ምን አደረጉህ? ስለ አንተ ደጋግመው ጠይቀውኝ ነበር። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ተዉት ብያቸዋለሁ» አለኝ።

«ምንም አላደረጉኝም» አልሁት።

ያን ጊዜስ ምን ያዘኝ? ደጄ ላይ የቆመው ጣሊያን አልነበረም፤ ኢድሪስ ነበር። ግባ አልሁት፣ አበላሁት፣ በግራ እጁ እየጎረሰ አየሁት፣ ሸኘሁት።

ጣሊያን በወጣ ዓመት ኢድሪስ ሞተ። ሚስቱ ዘሃራ፣ ዳዴ የምትለዋን ልጃቸውን ከዲጃን ይዛ ቀረች። ዘሃራ እስከ ዛሬ ወንድሜ ነው የምትለኝ። ትናንት ቤቴ መጥታ፣ «ከዲጃ ልትዳር ነው። አባቷ የለም፤ የአባቷ ወዳጅ አንተ ነህና መጥተህ መርቅልኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። አሁንም እሺ አልኋት!

ሠርጉ ሐሙስ ነው። ነገ ዘሃራ ዘንድ እሄዳለሁ። ፈርቼ ነው አልላትም፤ ኢድሪስም ታስሮ ፈርቶ ነበር፣ እኔን ግን አላስነካኝም። ልጅ ነበርሁ አልላትም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም። «ባልሽን ያሳሰርሁት እኔ ነኝ» እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ውጣ ካለችኝ እወጣለሁ።